ሐሳቤ ሲበተን አስተውላለሁ፤ ከማስተዋል ቀጥሎ የሚያስፈልገው ባሕርይ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ከማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ማታ ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። ለትምህርቴ ይረዳኛል በሚል ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ደቂቃዎች ዝም ብዬ ተቀምጬ ትንፋሼን መከታተል ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ልምምዱ እንደ ጠቀመኝ አልክድም፤ ከባድ ጥያቄ ሲገጥመኝ እጄ ወደ ስልኬ መሄዱን፣ ከዚያም አስቀድሞ ደረቴ ላይ የሚሰማኝን ጭንቀት አሁን ለይቼ አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ማወቄ ብቻውን መጽሐፉ ላይ አያቆየኝም። ራስን ለማሳደግ ማስተዋል መነሻ ከሆነ፣ አብረውት ሊሄዱ የሚገባቸው ባሕርያት የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱስ አስቀድሜ በየትኛው ላይ ብሠራ ይሻላል?

መልስ 1

ጠያቂያችን፣ ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሥር በሰደደ ሕመምና በውጥረት ለሚሠቃዩ ሰዎች በኋላ የስምንት ሳምንት ሥልጠና ሆኖ የታወቀውን የማስተዋል ልምምድ መርሐ ግብር ሲጀምሩ፣ ትንፋሽን መከታተል ብቻውን በቂ ነው አላሉም፤ ትዕግሥትን፣ በራስ ላይ አለመፍረድን፣ የለመዱትን ነገር እንደ አዲስ መመልከትን፣ ያለውን ሁኔታ እንዳለ መቀበልን የልምምዱ መሠረት አድርገው አስተምረዋል። እኔ ከእነዚህ ትዕግሥትን አስቀድማለሁ። ብዙ ሰው የልምምዱ ግብ ሐሳብ እንዳይበተን መከልከል ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ሐሳብ መሄዱን ባወቁ ቁጥር ሳይቆጡ መመለስ ነው። ስለዚህ ስልኩ ላይ ቆይተው ሲነቁ፣ «ዛሬም አልሆነልኝም» ብለው መጽሐፉን ከመክደን ይልቅ ካቆሙበት መስመር መቀጠልዎ ራሱ የትዕግሥት ልምምድ ነው።

መልስ 2

የሐሳብ መበተን የእርስዎ ብቻ ድክመት እንዳይመስልዎ። የሐርቫርድ ተመራማሪዎቹ ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ 2,250 ሰዎችን በስልክ መተግበሪያ አማካይነት በተለያየ ሰዓት እየጠየቁ፣ 47 በመቶ ገደማ በሚሆነው ጊዜ ሐሳባቸው ከያዙት ሥራ ውጭ ሆኖ አግኝተውታል።

እኔ የምጨምረው ለራስ መራራትን ነው። ይህ ስንፍናን ያመጣል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ሥጋታቸውም ይገባኛል፤ በተለይ በተግሣጽ ያደግን ሰዎች ራሳችንን ካልወቀስን የማንለወጥ ይመስለናል። ነገር ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጁሊያና ብራይንስና ሴሬና ቼን እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በከባድ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አግኝተው ለራሳቸው እንዲራሩ የተበረታቱ ተማሪዎች ለቀጣዩ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ወስደው አጥንተዋል። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ፣ ውድቀቱን ማየት የማያስፈራው ሰው ስሕተቱን ሳይሸሽ ተቀምጦ መመርመር መቻሉ ነው። እርስዎ የገለጹት ጭንቀትም «አይገባኝ ይሆን?» ከሚል ፍርሃት የመጣ ከሆነ፣ ወቀሳ ይህን ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አያስታግሰውም።

መልስ 3

ከላይ የተባለውን እቀበላለሁ፤ ሆኖም መቀበልና መራራት ያለ ቁርጠኝነት ሰውን ባለበት ያስቀምጡታል ብዬ አምናለሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ሰፊ ምርምር ያደረጉበት አንድ ዘዴ አለ፤ «ጠንክሬ አጠናለሁ» ብሎ በጥቅሉ ከመወሰን ይልቅ፣ «ይህ ሲያጋጥመኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ነው። እርስዎ የሚያጋጥመውን ነገር ለይተው ስላወቁት የቀረዎት ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው። ለምሳሌ፣ «ጥያቄው ከብዶኝ እጄ ወደ ስልኬ ሲሄድ፣ ጥያቄውን በደብተሬ ላይ በእጄ እገለብጣለሁ» ብለው ይጻፉ። ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥም ጥሩ ነው። ስለዚህ የትኛው ይቅደም ላሉት የእኔ መልስ ቁርጠኝነት ነው። ጭንቀቱ ከጥናት ሰዓት አልፎ እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ ግን ባለሙያ ያማክሩ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ጥያቄውን በእጅ መገልበጡን እሞክራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በቡድን ስናጠና፣ አልገባኝም ብሎ ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት ከእነዚህ ባሕርያት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የምታስረዱኝ ብትኖሩ ደስ ይለኛል።