ፊቴን ከፕራንክ ቪዲዮ እንዴት ላስወጣ?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። አውቶቡስ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ልጅ መጥቶ "ቦርሳዬን መልሺልኝ!" ብሎ ጮኸብኝ። የያዝኩት የራሴን ቦርሳ ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደነገጥኩ፣ ተንተባተብኩ። ከዚያ ሳቀና "ፕራንክ ነው፣ ካሜራው ያውልሽ" አለኝ። ልለጥፈው ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ቪዲዮው እየዞረ ነው። "ፕራንክ ነው" ያለበት ክፍል ተቆርጦ እኔ ሌባ መስዬ ቀርቻለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ እየላኩልኝ ይስቃሉ (መሳቃቸውስ ደህና፣ ያመነ መኖሩ ነው የሚያንገበግበኝ)። ልጁን በውስጥ መስመር አጥፋልኝ አልኩት፤ አይቶ ዝም። አደባባይ ላይ መቅረጽ በብዙ አገር እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። ግን ሰውን ሌባ አስመስሎ ላይክ መልቀምም ይፈቀዳል?

ዩቲዩብ ላይ የግላዊነት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻል፣ ለጫነው ሰውም እንዲያስተካክል 48 ሰዓት ሊሰጠው እንደሚችል አንብቤያለሁ። የኔ ጭንቀት ሌሎች ገጾች ቆራርጠው የለጠፉት ኮፒ ነው። እያንዳንዱን ለየብቻ ሪፖርት ላድርግ? ወይስ በስም ማጥፋት መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ልሂድ? ፊቱን እንዲያደበዝዙለት ያደረገ ካለ፣ ምን ብሎ እንደጻፈላቸው ይንገረኝ።