ክርክር፦ ኬጂ ላይ ልጅ በራሱ ፍጥነት ይማር ወይስ ከክፍሉ እኩል ይሂድ?

የልጅቷ አባት፦ እስቲ አወያዩኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ኬጂዋ ዘንድሮ «ሞንቴሶሪ ሆነናል፤ ሁሉም በራሱ ፍጥነት ይማራል» ብሎ ክፍያ ጨመረ። የጎረቤት ልጅ ከኤ እስከ ዜድ ትጽፋለች። የኔዋ ውሃ ከጆግ ወደ ብርጭቆ ስትገለብጥ ትውላለች። ለዚህማ ቤትም ባልዲ አለን።

የኬጂ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ውሃው ቀልድ አይደለም። ሳያፈስ መቅዳት የለመደ እጅ እርሳስ አይከብደውም። ቀጥሎ ከብርጭቆ ወረቀት (አናጺ እንጨት ከሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት) የተቆረጠ ፊደል በጣቷ እየዳበሰች ድምፁን ትላለች። መጻፍ ከዚያ ይመጣል። የዘዴው መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ ስትጀምር እኮ የተቀበለችው የድሃ ሠፈር ልጆችን ነው።

የመንትዮች እናት፦ ቲቸር፣ ሮም ይቅርና ስለዚህ እናውራ። አንደኛ ክፍል ስናስገባ የመግቢያ ፈተና አለ። «አንብቢ» ሲሏት ጆግ ልታነሳ ነው? ደግሞ የኛ ፊደል 26 አይደለም። 33 በ7 ነው፣ 231! በራሷ ፍጥነት ስትል ጡረታ ትወጣለች።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ምን አዲስ ነገር ተገኘ? የኔታ ዘንድ ማን እኩል ሄደ? አንዱ ገና ሀሁ ላይ ነው፣ አጠገቡ ያለው አቡጊዳ ገብቷል፣ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ስንደዷችንን ይዘን ፊደሏን አንድ በአንድ እየነካን ነው። ሳይጨርሱ መሻገር የለም። ትልቁ ትንሹን ያስቆጥራል።

የመንትዮች እናት፦ አለንጋውንስ ረሱት ጋሼ?

ጋሼ፦ ጀርባዬ አልረሳውም። ግን የኔታ እያንዳንዳችን የት ፊደል ላይ እንደቆምን ያውቁ ነበር። እሱን ነው የምለው።

ሌላ አባት፦ 40 ልጅ የያዘች ቲቸር ይህን በምን ታውቃለች? የኛ ሠፈር ኬጂ ላይ «በራሱ ፍጥነት» ማለት «ተዉት፣ ይጫወት» ሆኗል።

የኬጂ መምህርት፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። እኔ ክፍል ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት አንድ ላይ ናቸው። ዕቃው ከየዓይነቱ አንድ ነው፣ ተራ ይጠብቃሉ። ለማን ምን እንዳሳየሁ፣ ማን ብቻውን እንደደገመው በየቀኑ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ይሄ ከሌለ ጆጉ ጆግ ብቻ ነው። ወንድሜ፣ መዝገቧን ይጠይቁ።

የልጅቷ አባት (ከሦስት ቀን በኋላ)፦ ጠየቅሁ። አንድ ወረቀት ሰጡኝ፦ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች።» ደስ አለኝ። ከሥሩ የሌላ ልጅ ወረቀት ተጣብቆ መጥቷል፣ የወንድ። እሱም «በጥሩ ሁኔታ ላይ ትገኛለች»።