ቲና ተርነር አሜሪካዊነቷን ትታ ስዊዘርላንዳዊት የሆነችው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (የሙዚቃ ታሪክ ወዳጅ)

ለተወያዮች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ቲና ተርነር በቴነሲ ግዛት ተወልዳ ያደገች፣ አሜሪካ ካፈራቻቸው ታላላቅ ድምፃውያን አንዷ ናት። ሆኖም በ2013 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የስዊዘርላንድን ዜግነት ወሰደች፤ በዚያው ዓመትም በ73 ዓመቷ የአሜሪካ ዜግነቷን በፈቃዷ ተወች። ይህ ሲነሳ አንዳንዱ ምክንያቱ ግብር ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዝናና ሀብት ላለው ሰው ዜግነት ያለ ድካም ይገኛል ይላል። ሁለቱም አላሳመኑኝም። ከሁሉ በላይ ያልገባኝ ግን ስዊዘርላንድም አሜሪካም ጥምር ዜግነትን የሚፈቅዱ ሆነው ሳለ አንዱን መተው ለምን እንዳስፈለጋት ነው። አሠራሩን የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (የዜግነት ሕግ አጥኚ)

ዝናው በሩን ከፈተላት የሚለውን አባባል ብቀድም ይሻላል። በስዊዘርላንድ ዜግነት የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ብቻውን አይደለም፤ አመልካቹ የሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት፣ ካንቶኑ (የአገሪቱ ክፍለ ግዛት) እና ፌዴራል መንግሥቱ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ሕግ በመደበኛው መንገድ ለሚያመለክት ሰው 12 ዓመት የመኖሪያ ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ ከ2018 ወዲህ ጊዜው ወደ 10 ዓመት ዝቅ ብሎ በምትኩ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ግዴታ ሆኗል። ቲና በዙሪክ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ኩስናኽት መኖር የጀመረችው በ1990ዎቹ አጋማሽ በመሆኑ፣ ማመልከቻዋ በታየበት ወቅት የሚፈለገውን ዘመን ከሞላች ቆይታለች። ጀርመንኛ መናገር ነበረባት፤ ስለ አገሩ ታሪክና አስተዳደር የሚቀርበውን ፈተናና ቃለ መጠይቅም አልፋለች። የኩስናኽት ምክር ቤት በጃንዋሪ 2013 መስማማቱን አሳወቀ፤ ካንቶኑና ፌዴራል መንግሥቱ ካጸደቁት በኋላም በኤፕሪል ፓስፖርቷን ተቀበለች።

በጋብቻ አገኘችው የሚሉም አሉ፤ ይህም ትክክል አይደለም። የሕይወት አጋሯ ኤርቪን ባህ ጀርመናዊ ስለነበረ የስዊዘርላንድ ዜጋ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው የቀለለ መንገድ ለእርሷ አልነበረም። ጋብቻቸውን የፈጸሙትም ፓስፖርቱን ከተቀበለች በኋላ፣ በጁላይ 2013 ነው። በእኔ አመለካከት የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ወረቀቱ የመጣው ኑሮው ከተደላደለ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

መልስ (የግብር ባለሙያ)

ስለ ግብሩ የሚነገረው ከፊሉ እውነት ስለሆነ በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። አሜሪካ ዜጎቿን በየትኛውም አገር ቢኖሩ ከመላው ገቢያቸው ግብር ትጠይቃለች፤ እንዲህ የሚያደርጉ አገሮች እጅግ ጥቂት ናቸው። በዚህ ላይ በ2010 የወጣው ሕግ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን ሒሳብ እንዲያሳውቁ በማስገደዱ፣ በስዊዘርላንድ የነበሩ ብዙ አሜሪካውያን ባንክ የሚያስተናግዳቸው እስከማጣት ደርሰው ነበር። አውሮፓ ውስጥ ኑሮውን ለመሠረተ ሰው ይህ እውነተኛ ሸክም መሆኑን መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ መውጫውም ዋጋ ያስከፍላል። ከ2008 ጀምሮ የተጣራ ሀብቱ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ሰው ዜግነቱን ሲተው ንብረቱን ሁሉ በዋዜማው እንደሸጠ ተቆጥሮ፣ ሕጉ ነፃ ካደረገው መጠን በላይ የሆነው ትርፍ ግብር ይከፈልበታል። የስዊዘርላንዱ በኩል ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በአንዳንድ ካንቶኖች በአገሩ ውስጥ የማይሠሩ ሀብታም የውጭ ዜጎች በገቢያቸው ፋንታ በኑሮ ወጪያቸው ልክ የሚተመን ግብር መክፈል ይችላሉ፤ የዙሪክ ካንቶን መራጮች ግን ይህን አሠራር በ2009 በሕዝበ ውሳኔ ሽረውታል፤ በሌሎች ካንቶኖችም ቢሆን ለስዊዘርላንድ ዜጎች አይፈቀድም። ስለዚህ ግብርን መቀነስ ዋነኛ ዓላማዋ ቢሆን ኖሮ በውጭ ዜግነቷ ሆና ወደ ሌላ ካንቶን መዛወር ይቀላት ነበር እንጂ በዙሪክ ተቀምጣ ስዊዘርላንዳዊት መሆን አያዋጣትም ነበር።

ጠያቂው (የሙዚቃ ታሪክ ወዳጅ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ በደረሰባት መከራ ተከፍታ ይሆን የሄደችው? ወደ ፈረንሳይ የሄደችውን አሜሪካዊት ዘፋኝና ዳንሰኛ ጆሴፊን ቤከርን እያሰብሁ ነው የምጠይቀው።

መልስ (የመድረክ ጥበብ ተመራማሪ)

ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል፤ መንገዳቸው ግን አንድ አይደለም። ቤከር ከሴንት ሉዊስ ተነሥታ በ1925 ፓሪስ ስትደርስ ገና 19 ዓመቷ ነበር፤ በአገሯ ጥቁሮች በሕግ ተለይተው ይኖሩ ስለነበር እዚያ የተነፈገችውን ክብር በፈረንሳይ መድረክ አገኘች። ዜግነቱንም በ1937 ፈረንሳዊ በማግባት ወሰደች፤ በጦርነቱ ጊዜ ከናዚዎች ጋር ለሚፋለመው የፈረንሳይ ተቃውሞ አገልግላለች፤ በ2021 ፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎቿን በምታከብርበት በፓንቴዮን የክብር ስፍራ የተሰጣት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። ቢሆንም ለተወለደችበት አገር ጀርባዋን አልሰጠችም፤ በ1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ላይ ተገኝታ ንግግር አድርጋለች።

ቲና ግን የሄደችው በስኬቷ ዘመን ነው። በ1980ዎቹ የጥበብ ሕይወቷን ያደሰው አልበም በአብዛኛው የተቀረጸው ለንደን ውስጥ ነበር፤ በአውሮፓ የነበራት ተመልካችም እጅግ ብዙ ነበር። በ1997 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ላሪ ኪንግ ሲጠይቃት ስኬቷም ወዳጇም በሌላ አገር ስለነበሩ ከአሜሪካ እንደወጣች ነግራዋለች። በቀድሞ ትዳሯ የደረሰባትን ድብደባ ራሷ ለዓለም ተናግራለች፤ ለመሄዷ የሰጠችው ምክንያት ግን ያ አልነበረም፤ እኛም ልንጨምርላት አይገባም።

መልስ (የዜግነት ሕግ አጥኚ)

አንዱን መተው ለምን አስፈለገ ለሚለው የቀረ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት መውሰድ ብቻውን አሜሪካዊነትን አያሳጣም፤ የማጣት ሐሳብ ሊኖር ይገባል። ቲና በኦክቶበር 2013 በበርን ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የፈረመችው ሰነድ ይህንኑ ሐሳብ የሚያረጋግጥ ነበር። ኤምባሲው በመዘገበው መሠረት ከቤተሰቧ በቀር ከአሜሪካ ጋር የጠበቀ ትስስር እንደሌላትና ወደፊትም እዚያ የመኖር ዕቅድ እንደሌላት አስታውቃለች። በሌላ ጫፍ ደግሞ የፊልም ኮሜዲያኑን ቻርሊ ቻፕሊንን መመልከት ይቻላል። በ1952 ወደ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃዱ ከተሰረዘ በኋላ በስዊዘርላንድ ቬቬ አጠገብ ሰፍሮ እስከ ሞተበት 1977 ድረስ ቢኖርም፣ የአሜሪካንም የስዊዘርላንድንም ዜግነት ሳይወስድ እንግሊዛዊ እንደሆነ አልፏል።