ስፓኒሽ ላይ «ፒ.ቪ.» ዋጋ ነው፣ ሱቅ ነው ወይስ ወቅት?

ከዚራ፦
ሰላም። ድሬዳዋ ላለ ልብስ አስመጪ የስፔን አቅራቢው የላከውን የሱቅ ማስታወቂያ መመሪያ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ነው። «ፒ.ቪ.» በየገጹ አለ፤ አንዱ ጋ ዋጋ ይመስላል፣ ሌላው ጋ ግን አያስኬድም። «ፒ.ኤል.ቪ.» እና «ሲሲ.ሲሲ.»ስ ምንድን ናቸው?

ጀጎል በር፦
አቦ፣ ፒ.ቪ. ሦስቱም ነው። «ፕሬሲዮ ዴ ቬንታ» የመሸጫ ዋጋ፣ «ፑንቶ ዴ ቬንታ» መሸጫ ሱቅ፣ «ፕሪማቬራ ቬራኖ» ደግሞ የፀደይና በጋ ልብስ። ጎኑ ያለውን እይ፦ ዩሮ ካለ ዋጋ፣ የፖስተር ብዛት ካለ ሱቅ፣ እንደ 25 ያለ ዓመት ካለ ወቅት። ፋይሉ ውስጥ «ኦ.አይ.» ፈልግ፤ የመኸርና ክረምቱ ነው። ከተገኘ አንዳንዱ ፒ.ቪ. ወቅት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁሉንም በአንድ ጠቅታ እንዳትተካ፣ ጉድ ይሠራሃል።

ፒ.ኤል.ቪ. ሱቅ ውስጥ የሚቆም ማስታወቂያ ነው፦ ፖስተር፣ ስታንድ፣ የመደርደሪያ ካርድ። በእንግሊዝኛ «ፒ.ኦ.ኤስ.» ብለህ ብቻ አትለፈው፤ አንባቢው የካርድ ማሽን ይመስለዋል። ማሽኑ በስፓኒሽ «ቲ.ፒ.ቪ.» ነው። «ፖይንት ኦፍ ሴል ማቴሪያል» ብለህ ዘርዝረው።

ሲሲ.ሲሲ. የገበያ ማዕከላት ነው። ስፓኒሽ ብዙ ቁጥርን ፊደል ደግሞ ያሳጥራል፤ እንግሊዝኛው ላይ ድርብ ፊደሉን አትውሰድ።

ሳቢያን፦
ፒ.ቪ.ፒ.ም ይመጣብሃል። ሸማቹ የሚከፍለው፣ ቫት ያለበት ዋጋ ነው። የስፔን መደበኛ ቫት 21% ስለሆነ 24.20 ዩሮ ሲል ያለ ቫት 20 ነው። «ኢንክሉዲንግ ቫት» ብለህ ጻፍ፤ ካልሆነ አስመጪው የኛን 15% እላዩ ላይ ይደምርበታል። የፒ.ቪ.ፒ. መጨረሻ ላይ «አር» ከሌለ «ሪኮሜንድድ» (የሚመከር ዋጋ) ብለህ አትጨምር።

ትልቁ ወጥመድ ግን የሁለተኛው ዕቃ ቅናሽ ነው። «ሁለተኛው −70%» ማለት ሁለተኛው ብቻ 70% ይቀነስለታል፤ የ20 ዩሮ ሁለት ሸሚዝ 26 ይሆናል። «ሁለተኛው አል 70%» ካለ ግን በዋጋው 70% ሊሆን ይችላል፣ ያኔ 34 ነው። በሁለቱ መሃል 8 ዩሮ አለ፤ አቅራቢውን በቁጥር ጠይቀው።

ከዚራ፦
ገጽ 14 ላይ «2 ፒ.ኤል.ቪ. / ፒ.ቪ.» ይላል።

ጀጎል በር፦
ለአንድ ሱቅ ሁለት የማስታወቂያ ዕቃ። የትኞቹ እንደሆኑ ሥዕሉ ላይ ካልታየ ጠይቅ፤ ስታንድና ካርድ በጭነት አይገናኙም።