የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፦ እናቴ ጋ ልውለድ ወይስ ጀርመን ሄጄ?

ጥያቄ፦ የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንደምን ናችሁ? ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ባለቤቴ ጀርመን ነው የሚሠራው። ሐምሌ ላይ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ ማርገዜን አወቅን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የመጨረሻ የወር አበባዬ ሰኔ 20 ነበር። የቋንቋ ፈተናውን ቀድሜ አልፌ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቪዛዬ ወጣ። እንግዲህ ጭንቀቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ «የመጀመሪያ ልጅ ሰው በሌለበት አገር አይወለድም፤ እዚሁ ተገላግለሽ፣ ክርስትና አንስተን ትሄጃለሽ» አለችኝ። ባለቤቴ «ዛሬ ነገ ሳትይ ነይ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ገናን ከቤተሰብ ጋር ውዬ፣ ጥምቀትን አይቼ ብሄድስ እያልኩ አስባለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እፈራለሁ። ባለቤቴ የሚሠራው በፈረቃ ነው፤ ሌሊት የሚገባበት ሳምንት አለ። እዚያ ዘመድ የለንም። የተማርኩት ጀርመንኛ ሐኪም ፊት ቀርቤ ሕመሜን ለማስረዳት አይበቃም። ምጥ ሲመጣ ማን አጠገቤ ይሆናል? ማንስ ያርሰኛል? ምን ይዤ ልሂድ? ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እናት ጋ ወይስ ባል ጋ የሚለውን ለሌሎች ልተውና እኔ ቀኑን ላስላልሽ።

በእኛ አቆጣጠር ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን እንደምራለን። መሐል ላይ ጳጉሜን ከገባች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል። አንቺ ጳጉሜንን አልፈሻል፤ ስለዚህ የመውለጃ ቀንሽ መጋቢት 25 ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 3 ላይ ይውላል። አሁን 22 ሳምንት ገደማ ሆኖሻል።

ብዙ አየር መንገዶች ከ28 ሳምንት ጀምሮ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ከ36 ሳምንት በኋላ ደግሞ አያሳፍሩም፤ መንታ ከሆነ ከዚያም ቀድመው ይከለክላሉ። አንቺ 28 ሳምንት የምትሞዪው ጥር 1 ነው፤ ከገና ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ጥምቀትን ውለሽ መሄድ ትችያለሽ፣ ግን ደብዳቤ ይዘሽ ነው። ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት አየር መንገዱን ጠይቂ። መንገዱም አንዳንዴ ስለሚዘጋ ከበረራሽ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ አዲስ አበባ ግቢ። 130 ኪሎ ሜትር ናት ብለሽ በዕለቱ እንዳትነሺ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። የክትትል ካርድሽ የተጻፈው በእኛ ቀን ነው። ሰኔ ዐሥረኛ ወር ስለሆነ ካርዱ ላይ 20/10/2017 ተብሎ ነው የሚሞላው። እዚያ ያለ ሐኪም ይህን ሲያነብ ኦክቶበር 20 ነው የሚመስለው፣ ያውም የዛሬ ስምንት ዓመት! ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ወደ ክትትልሽ ተመለሺና ቀኖቹን በፈረንጅ አጽፊ። የአልትራሳውንድ ውጤትሽን፣ የኤችአይቪና የጉበት ምርመራሽን፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትሽን፣ የደም መጠንሽን ጨምረሽ ያዢ።

የደም ዓይነትሽን ታውቂያለሽ? ኔጌቲቭ ከሆንሽ የሾተላይ መርፌ ያስፈልግሻል። የሚሰጠው 28ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ስትወልጂም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ልክ በጉዞሽ ሰሞን ስለሚውል በግርግሩ እንዳይረሳ።

አውሮፕላን ውስጥ የመተላለፊያውን ወንበር ያዢ። እስከ ፍራንክፈርት ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። በእርግዝና ጊዜ እግር ላይ ደም የመርጋት ነገር ስለሚኖር በየሰዓቱ ተነስተሽ ተንቀሳቀሺ፣ ውኃ ጠጪ። ቀበቶውን ከሆድሽ በታች እሰሪው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አሁን የነቢያት ጾም ነው፤ ንስሐ አባትሽን አማክረሽ በደንብ ብዪ፣ የደም ማነስ ኪኒንሽንም አታቋርጪ። ለቁርጠት ብለው ጤና አዳም አፍልተው ቢሰጡሽ ደግሞ እንዳትጠጪ፤ ማሕፀን ያኮማትራል።

መልስ፦ የሸዋ ሮቢቷ (አሁን ኑርንበርግ)

እህቴ፣ እኔ እናትሽ ያሉትን ነው ያደረግኩት። የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

የመጀመሪያ ልጄን ሸዋ ሮቢት ወለድኩ። ገንፎው፣ እልልታው፣ ወገቤን የምታሸኝ አክስቴ፣ ሁሉም ነበረልኝ። ያን ጊዜ በሕይወቴ ከማልረሳቸው አንዱ ነው። ነገር ግን እዚያ የተወለደ ልጅ የራሱ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የራሱ ፓስፖርት፣ የራሱ ቪዛ ያስፈልገዋል። አባትየው ከውጭ ውክልና እስኪልክ ጊዜ ሄደ። የእኔ ቪዛ ቀኑ አለፈበትና እንደገና ማመልከት ግድ ሆነ። ልጄና አባቱ ሲተያዩ ልጁ 11 ወሩ ነበር። አባቱ ሊያቅፈው ሲል አለቀሰበት። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቪዛሽ ላይ ያለውን ቀን አንብቢ። አንዳንዱ ለሦስት ወር ብቻ ነው የሚሰጠው።

ጀርመን ከወለድሽ የልጁ መኖሪያ ፈቃድ በእናንተው ፈቃድ ላይ ተመሥርቶ እዚያው ይወጣል። የጀርመን ዜግነት ግን እዚያ ስለተወለደ ብቻ አያገኝም። ከወላጆቹ አንዱ ቢያንስ 5 ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረና ቋሚ የመኖሪያ መብት ያለው መሆን አለበት። ድሮ 8 ዓመት ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው ወደ 5 የወረደው።

«ማን ያርሰኛል?» ያልሽው አንጀቴን በላው። ሁለተኛዋን የወለድኩት እዚህ ነው፤ እኔም ይህንኑ እያልኩ አለቅስ ነበር። እዚህ ሄባመ የሚሏት አዋላጅ አለች። ከወለድሽ በኋላ ቤትሽ ድረስ ትመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት በየቀኑ መምጣት ትችላለች፤ ከዚያ በኋላም ልጁ 12 ሳምንት እስኪሆነው ድረስ እያራራቀች ትመላለሳለች። ጡት አያያዝ ታሳያለች፣ እትብቱን ታያለች፣ ልጁን ትመዝናለች፣ ያንቺንም ስሜት ትጠይቃለች። የሚከፍለው የጤና መድኅኑ ነው። እኔን የጎበኘችኝ ሴት በምልክትም በስልክ ትርጉምም እያወራን እንደ ታላቅ እህት ሆናኝ ነበር። ችግሩ ቶሎ ይያዛሉ። ባለቤትሽ ዛሬውኑ መደወል ይጀምር፤ አንቺ እስክትደርሺ አይጠብቅ።

ሌላው የፀሐይ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ቢበርድም ረፋዱ ላይ ደጅ ወጥተሽ ሕፃን ታሞቂያለሽ። እዚህ ክረምቱ ጨለማ ነው። ለሕፃኑ በየቀኑ የሚሰጥ ቫይታሚን ዲ ያዙለታል፤ «ልጄ ጤነኛ ነው» ብለሽ እንዳትተዪው። እንዲሁም የእኛ ልጆች ቆዳቸው ጠቆር ስለሚል አዲስ የተወለደ ልጅ የሚይዘው ቢጫነት (የወፍ በሽታ) ቶሎ አይታይም። የዓይኑን ነጭና ድዱን እያየሽ አረጋግጪ።

መልስ፦ የመንዝ እናት (ሞላሌ)

የምትጽፍልኝ ልጄ ናት። ልጄ ሆይ፣ እናትሽን አትፍረጂባት። ሴት ልጅ ስታምጥ ደጁ ላይ «ማርያም ማርያም» የሚል ሰው ከሌለ እናት እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔም ልጄ ባሕር ማዶ ስትወልድ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ስልኩ ሲደወል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት እንኳ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ግን ባልሽ ልጁን ሲወለድ ይየው። ልጅ ያለ አባት ሲያድግ አይቻለሁ፤ ደስ አይልም። ሂጂ።

የገብስ ዱቄት ለገንፎ፣ በሶ፣ የአጥሚት እህል ተቆልቶና ተፈጭቶ፣ አብሽ፣ ተልባ ይዘጋጅልሽ። ቅቤም በደንብ ነጥሮ በጠርሙስ ይሁንልሽ። አንድ ጋቢና የማዘያ ነጠላም አትርሺ። ብርዱ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም።

መልስ፦ የአንኮበር ልጅ (ፍራንክፈርት አካባቢ)

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅቤውን አይያዙላት። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግባት ክልክል ነው። ቅቤም፣ አይብም፣ ቋንጣም እዚያው ውስጥ ነው። እኔ እናቴ በስንት ልፋት ያነጠረችውን ሁለት ኪሎ ቅቤ አየር ማረፊያ ላይ ሲጥሉት ዓይኔ እያየ ቀረሁ። ለጋ ቅቤ እዚህ ገበያ ሞልቷል። ጨው የሌለበትን ገዝቶ ማንጠር ነው። ደረቅ ኮረሪማና ኮሰረት ይዘሽ ነይ። እርጥብ ቅጠልና ያልተፈጨ እህል ግን ተይው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ለአንቺ ነው እንጂ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይቀመስም።

እንደደረስሽ ሳትውሉ ሳታድሩ ባለቤትሽ ለጤና መድኅኑ ያሳውቅ። እሱ የመንግሥቱ መድኅን ውስጥ ካለና አንቺ ገቢ ከሌለሽ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእሱ ሥር ትገቢያለሽ። የአድራሻ ምዝገባው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቅ። ከዚያ የማሕፀን ሐኪም ቀጠሮ። ሐኪሙ ሙተርፓስ የሚባል ትንሽ ደብተር ይሰጥሻል። የእርግዝናሽ ታሪክ በሙሉ እሱ ላይ ነው የሚጻፈው፤ ከቦርሳሽ አትለዪው። ድንገተኛ ነገር ከመጣ 112 ይደወላል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆነህ ሚስትህ ብቻዋን እንዳታምጥ። የወላጅነት ፈቃድ ሕጋዊ መብትህ ነው፤ ከመጀመሩ 7 ሳምንት በፊት ለአሠሪህ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ። ልጁ መጋቢት መጨረሻ ከሆነ ደብዳቤው ጥር ላይ ይግባ፣ ቀኑ ወደፊት ሊመጣ ስለሚችል። እኔ አንድ ወር ወስጄ ነበር። ገንፎ ማገንፋት የተማርኩት ያኔ ነው፤ መጀመሪያ ቀን እየጓጎለ አስቸግሮኝ፣ እናቴ በቪዲዮ «በርታ፣ አማስለው» እያለች ነበር። ሚስቴ እስከ ዛሬ የምታነሳልኝ እሱን ነው።

ወረቀት ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ልጁ በተወለደ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልደቱ ይመዘገባል። የሁለታችሁን የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ወረቀት ይጠይቃሉ። ከወሳኝ ኩነት አውጥተሽ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጠሽ፣ ዋናውን ይዘሽ ነይ። የስምሽ ፊደል አጻጻፍ ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ ይሁን። የልደት ቀንሽም ሁሉም ላይ ወደ ፈረንጅ ሲለወጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዛነፍ።

ስለ ስምም አስቡበት። እነሱ ባልና ሚስት ልጅም በአንድ የቤተሰብ ስም ሲጠሩ ነው የሚያውቁት። የእኛ የራስ ስም ከአባት ስም ጋር መሆኑን ቁጭ ብላችሁ ማስረዳት ይኖርባችኋል። እኛ ሳናስረዳ ፈረምንና የልጄ መጠሪያ የእኔ አባት ስም ሆኖ ቀረ። አባቴ ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን ልጄ በእኔ ስም እንዲጠራ ነበር ምኞቴ። ቅጹ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

የልጅ ገንዘቡም አለ፤ ኪንደርጌልድ ይሉታል። በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ልጅ በወር 255 ዩሮ ነበር። ማመልከቻው ከዘገየ ወደኋላ የሚከፍሉት የ6 ወሩን ብቻ ነው። የወላጅ ድጎማውም ሥራ ላልነበራት እናት ቢያንስ 300 ዩሮ ነው። ሁለቱም በመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዓይነት ስለሚወሰኑ ፈቃዳችሁን ይዛችሁ ጠይቁ።

አስተያየት፦ የደብረ ሲናዋ

እኔም የሰባት ወር ነኝ፣ ቪዛ እየጠበቅኩ። ወንድ ከሆነ በስምንተኛው ቀን መገረዝ እዚያ ይቻላል? ክርስትናውስ?

መልስ፦ የአንኮበር ልጅ

የወንድ ግርዛት በሕግ ይፈቀዳል፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ግን የሕክምና ምክንያት ከሌለው መድኅኑ ብዙ ጊዜ አይከፍልም፣ የሚሠራ ሐኪም ቀድማችሁ ፈልጉ። ክርስትና ችግር የለውም፤ በትልልቆቹ ከተሞች የእኛ ቤተ ክርስቲያን አለ። አርባው ወይም ሰማንያው ከመድረሱ በፊት ለካህኑ ንገሩ።

ምላሽ፦ የጠባሴዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ሁሉንም ለእናቴ አነበብኩላት። የሸዋ ሮቢቷ ልጅ አባቱ ላይ ያለቀሰው ቦታ ስደርስ እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያው ገናን ውለሽ ሂጂ» አለችኝ። ቪዛዬን አየሁት፤ እስከ የካቲት ነው የሚያገለግለው። ቲኬቱ ለጥር 3 እየተያዘ ነው። ባለቤቴም ዛሬ ለሦስት ሄባመዎች ደውሎ አንዷ ቦታ አለኝ ብላዋለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። እናቴን በኋላ ላመጣት እችላለሁ?

መልስ፦ የሸዋ ሮቢቷ

የጉብኝት ቪዛ ነው የሚያስፈልጋቸው። ቢበዛ 90 ቀን ነው። ባለቤትሽ ወጪያቸውን እሸፍናለሁ ብሎ እዚህ ጀርመን የውጭ ዜጎች ቢሮ ይፈርምላቸዋል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድኅንም ይገዛላቸዋል። ተመልሰው እንደሚመጡ የሚያሳይ ነገርም ይጠየቃሉ፤ ቤት፣ መሬት፣ ሌሎች ልጆች። ለወሊዱ ካልደረሱ ለክርስትናው ይድረሱ። ቀጠሮው ስለሚቆይ ከአሁኑ ጀምሩ።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

ጥር 3 ከሆነ 28 ሳምንት አልፈሻል፤ ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ደብዳቤው ለበረራው ቅርብ በሆነ ቀን ቢጻፍ ይሻላል፣ የቆየ አይቀበሉም። ከገና በፊት ባለው ሳምንት ካርድሽንና ፓስፖርትሽን ይዘሽ ወደ ክትትልሽ ሂጂ። ሐኪሙ ሳምንቱን፣ የመውለጃ ቀኑን፣ ለመብረር ጤነኛ መሆንሽን በእንግሊዝኛ ይጻፍልሽ፣ ማኅተምም ይኑረው። የደም ዓይነት ምርመራሽን ግን ለዚያ ቀን አታቆዪው፤ ነገውኑ አድርጊው።