ሐረጎን ለሚወጣና ለሚወርድ መኪና፦ የፍሬን፣ የዘይትና የመካኒክ ጥቆማ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ቶዮታ ቪትዝ ገዛ። ሊብሬው ገና በስሙ ሳይዞር ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ዘይት የቱን ልግዛ? የት ላስቀይር?» ለሱ ያልኩትን እዚህም ላስፍረው፤ ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ትጠቀሙበታላችሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ ለዓመታት ስወጣና ስወርድ ኪሴ የተማረውን ነው የምነግራችሁ።

ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ስለ ዘይት ነው። ወሎ ውስጥ ግን መጀመሪያ ገንዘብ የሚገባው ለፍሬን ነው፤ ቀጥሎ ለራዲያተር። ዘይት ሦስተኛ ነው።

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ ማለት ነው፣ ያውም በጥምዝምዝ። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ ከያዛችሁት የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ግለቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል። እንፋሎት ይጨመቃል። እግራችሁ ይሰምጣል፣ መኪናው ይሄዳል።

እኔ ላይ ደርሷል። ክረምት ነበር፣ ሐረጎ ጭጋግ ለብሳ፣ ከፊቴ የጫነ ከባድ መኪና። ፍሬኑ እምቢ አለኝ። በሁለተኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ዳር ይዤ ቆምኩ። ከወር በፊት አንድ መካኒክ ጋ ሄጄ «የፍሬን ዘይቱን ቀይርልኝ» ብዬው ነበር። «አብሽር! የፍሬን ዘይት ሲጎድል ይሞላል እንጂ አይቀየርም» ነበር ያለኝ። ወገኖቼ፣ ይቀየራል። በየሁለት ዓመቱ። የኔ ምርጫ ዶት 4 ነው፣ በትንሽ፣ በታሸገ ጠርሙስ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን በነፃም ቢሰጧችሁ እንዳትወስዱ።

ሸራውንስ? ሱቅ ስትገቡ «ኦርጅናል ነው ወይስ ቻይና?» ትባላላችሁ። ጀንዩኑ (የራሱ የመኪናው ፋብሪካ ዕቃ) ከተገኘና አቅም ከፈቀደ እሱን ውሰዱ። ካልሆነ ስም ያለው የጃፓን ወይም የኮሪያ ምርት ይበቃል። ስምም ቁጥርም የሌለውን እዚያው ተዉት፤ በግለት ይደድርና እንደ መስታወት ይንሸራተታል። የዲስኩ ሸራ ብቻ ተቀይሮ የኋላው ከበሮ ሳይከፈት እንዳይመለስባችሁ።

ምንም የማያስከፍለው ምክር ደግሞ የድሮ ሾፌሮች ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አውቶማቲክ የያዛችሁ፣ ማርሹን ከ«ዲ» ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» አውርዱት። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ።

ወደ ራዲያተር። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ንፍሮ ለምን አልበስል እንደሚል እናቶቻችን ያውቁታል። ሐረጎን ሽቅብ የሚወጣ ሞተርም ያው ዕጣ አለበት። ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ኩላንት (ባለቀለሙ የራዲያተር ፈሳሽ) እና የራዲያተሩ ክዳን። ክዳኑ ግፊት ይዞ የሚፈላበትን ደረጃ ከፍ ያደርጋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ክዳን ብቻ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ሲቀየር ያንኑ ቁጥር አስገቡ። ርካሽ ዕቃ ናት፣ የሞተሩን ራስ (ቴስታታውን) ከማሠራት ታድናለች። የቧንቧ ውሃ ዝገትና ዝቃጭ ስለሚያመጣ ለጭንቅ ቀን ብቻ ይሁን። ኩላንት ስትገዙ ቀዩና አረንጓዴው በቀለም ብቻ አይለዩም፤ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስትዞሩ አጥባችሁ እንጂ ደባልቃችሁ አይደለም።

አሁን ዘይት። ቶታል ኳርትዝ፣ ሼል ሄሊክስ፣ ሞቢል፣ ካስትሮል፣ የትኛው ይሻላል ብላችሁ አትጣሉ። እውነተኛ ከሆኑና ቁጥራቸው ለሞተሩ ከሆነ ሁሉም ይሠራሉ። ጉዳዩ ቁጥሩ ላይ ነው። ለአሮጌ፣ ዘይት ለሚበላ ኮሮላ ወፍራሙ 20ደብልዩ50 ያስኬዳል። ለቪትዝ ግን አይሆንም፤ እሱ የሚፈልገው እንደ 5ደብልዩ30 ያለ ቀጭን ዘይት ነው። «ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠነክራል» የሚላችሁን በኅዳር ንጋት ደሴ ላይ መኪናውን አስነሥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የቪትዝ ሞተር ፊልትሮውን ጨምሮ ከ4 ሊትር በታች ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ አንድ ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ተራውን (ሚኒራሉን) በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩት። ሲንተቲኩ ረዘም ይላል፤ ወደ ደላንታ ወይም ወደ መካነ ሰላም በአቧራ የምትመላለሱ ግን እሱንም አትመኑት፣ ቀደም አድርጉት። በየለውጡ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ በስታችሁ ጣሉ፤ ተመልሶ ተሞልቶ እንዳይሸጥላችሁ።

የት? ማደያ ውስጥ ያለው ግራሶ (ዘይትና ግሪስ የሚሠሩበት ቦታ) ለዘይት ለውጥ ፈጣን ነው፣ የታሸገውን ዘይትም ከፊታችሁ ይከፍቱታል። ከዚያ ያለፈ ነገር ግን እዚያ አታሠሩ። በበርሜል ቀድቶ የሚሸጥ ሱቅ ይረክሳል፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቁም። ለፍሬንና ለሞተር የደሴ የሰፈር መካኒኮችን እመርጣለሁ፣ ቶዮታን ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱታል። ለጎማና ለባልስትራ (ለመኪናው ሞላ) ግን ኮምቦልቻ። የጅቡቲ ከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነች እጃቸው ፈትቷል። (የደሴ ልጆች እንዳትቆጡ።) መካኒክ ስመርጥ መለኪያዬ አንድ ነው፤ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ሳልጠይቀው እጄ ላይ ያስቀምጣል ወይስ አያስቀምጥም? ዕቃ እዚህ ከጠፋ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላክላችኋል፤ የአሮጌውን ፎቶና የሻንሲ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ላኩ።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝ አንብቡ። 2319 ከሆነ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥ ስንት ሽማግሌ ጎማ አለ መሰላችሁ። ጎሚስታው ደግሞ 40 ፒኤስአይ ሊነፋው ሲል አስቁሙት፤ ልኩ ሾፌሩ በር ላይ ተለጥፏል።

ለምን ይህን ያህል አስጨነቅኳችሁ? በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለችው መኪና ብዙ ዓመት ታገልግለን እንጂ በቀላሉ የምንለውጣት አይደለችም። ኤሌክትሪክ የገዛችሁ ዘይት ለውጥ ተርፎላችኋል፣ ሐረጎን ስትወርዱም ባትሪያችሁ ይሞላል። የፍሬን ዘይቱ ግን እናንተም ጋ አለ።

አሁን ደግሞ የኔ ጥያቄ፦ ወልድያ ውስጥ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) በደንብ የሚሠራ የምታውቁ ጠቁሙኝ። መኪናዬ መርሳን ካለፈች በኋላ ወደ ቀኝ መሳብ ጀምራለች፣ ያየላት ሰው ሁሉ «አብሽር» ይለኛል።