የአቤቱታ ማኅበር በቴሌግራም ግሩፕ ቢሠራ ችግር አለው?

ቡና_ዛፍ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ የሴቶችን አቤቱታ የምንቀበል 12 በጎ ፈቃደኞች ነን። የባለጉዳዮች ስምና የመታወቂያ ፎቶ በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚዞረው። ቴሌግራም ይመሰጠራል ይባላል፤ በዚሁ እንቀጥል? በነፃ የሚያማክር ድርጅትስ አለ?

ቁልፍ_ያዥ፦ አትቀጥሉ። የቴሌግራም ግሩፕ የሚመሰጠረው ከስልካችሁ እስከ ኩባንያው ሰርቨር ነው፤ መክፈቻው እነሱ ጋ ነው። ከሚጻፈው መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚመሰጠረው ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሠራም።

ሲግናል በሚባለው፣ ግሩፑንም ከላኪ እስከ ተቀባይ በሚመሰጥረው የመልእክት መተግበሪያ ላይ ግሩፕ ክፈቱና መልእክቱ በ1 ሳምንት እንዲጠፋ አድርጉ። ከመስተካከሉ በፊት የተላከውን ግን አይነካውም። መታወቂያውን በራሱ በሲግናል ካሜራ አንሱት። በስልኩ ካሜራ ከተነሳ ጋለሪ ውስጥ ይቀራል፣ ባክአፕ ከበራም ጉግል ፎቶስ ወደ ኢንተርኔት ይጭነዋል፤ ሚስጥር በዚህም ያመልጣል። የድሮውን ግሩፕ ለሁሉም አጥፉት፤ ወደ ስልክ የወረደውን ፋይል ግን እያንዳንዱ ሰው በእጁ ይሰርዝ።

ሁላችሁም ሲግናል ላይ ፒን አውጡና ሬጅስትሬሽን ሎክ (የምዝገባ መቆለፊያ) አብሩ። ሲም ከጠፋ ያገኘው ሰው በኤስኤምኤስ ኮድ ብቻ በቁጥራችሁ እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ሲግናል 7 ቀን ካልተከፈተ ግን መቆለፊያው ይነሳል፤ ስለዚህ ቴሌ ሄዶ ሲም ማስወጣት ለነገ አይባልም።

ፈረንጅ_አራዳ፦ ስለ ድርጅቶቹ፦ ኢኤፍኤፍ በ1990 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ የዲጂታል መብት ተሟጋች ነው። ራስን ከክትትል ስለ መጠበቅ ያዘጋጀው መመሪያ በአማርኛም አለ፤ ለሥልጠና ከእሱ ጀምሩ። ስልክ ተጠልፏል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን አክሰስ ናው ነው፤ ለሲቪል ማኅበራትና ለጋዜጠኞች 24 ሰዓት የሚሠራ ነፃ የእርዳታ መስመር አለው። በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ የስልኩን ሞዴል፣ ምን እንደታየና መቼ እንደታየ። የባለጉዳይ ስም አትጨምሩ። መልስ ሳይመጣ ስልኩን ሪሴት አታድርጉ፣ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

ሂርማታ_ጥግ፦ የመታወቂያው ፎቶ መጀመሪያውኑ ለምን አስፈለገ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እናንተንም ይመለከታል። ላልሰበሰባችሁት መጨነቅ የለም። ደግሞ ስክሪን ስታስቀይሩ የመክፈቻ ቁጥር አትስጡ፤ ንክኪው መሥራቱ በድንገተኛ ጥሪው ገጽ ይሞከራል።

ቡና_ዛፍ፦ ተባረኩ። ሁለቱ አባሎቻችን ግን በቁልፍ ስልክ ነው የሚጠቀሙት፤ እነሱስ?

ቁልፍ_ያዥ፦ ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ ሲግናል እንደሚያደርገው አይመሰጠርም። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር ስጡና በስልክ «07 ሐሙስ ትመጣለች» ብቻ ይባል። ስምና ቁጥር የሚያገናኘው ደብተር ከቢሮ አይውጣ።